በጎተራው ግድግዳ ላይ የነበረችው እናት

ያን ዕለት በአዳራሹ ውስጥ የነበርነውን አልረሳም። ሊቀመንበሩ አያ አበጋዝ ነበሩ፤ ለበዓል ብቻ የሚያወጡትን ካኪ ኮት ለብሰው ከፊት ቆመዋል። እማሆይ ወለቱ ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ለመቀመጥ እምቢ ብለው። ቁርዓን የሚያስቀሩት ሼህ ሁሴን በሩ አጠገብ ነበሩ፤ መሪጌታ ፈንታም ከጎናቸው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚቆሙት። ባለቤቴ አሰፋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ክር ያለበትን መርፌ ከኮሌታው ሳይነቅል መጥቷል። ጎረቤቴ ዘምዘም ነበረች፤ እሷ ባለችበት ሳቅ አይጠፋም። ሥዕሉን የሣለችው የዘመቻ ተማሪ ሰናይት ጣቶቿን ከኋላዋ ደብቃ ነበር፤ ቀለሙ አልለቀቀላትም። ጦይባ ነበረች። በጦይባ ጀርባ ላይ ትርፌ ነበረች። እኔም ነበርኩ፤ ነጠላዬን እስከ አፌ ስቤ። የቀረው ሰው የተሸፈነው ግድግዳ ሲገለጥ ሊያይ የመጣ የከተማው ሰው ነው።

ይህን የቀሰቀሰብኝ የቀለም ሽታ ነው። ልጄ ሰሞኑን የግቢያችንን የቆርቆሮ በር አረንጓዴ ታስቀባ ነበር። ቀቢው የጣሳውን ክዳን ፈልቅቆ ሲከፍት ሽታው እስከ ጓዳ ገባ፤ እኔም የያዝኩትን ወንፊት አስቀምጬ ወጣሁ። “እማዬ፣ አመመሽ?” አለችኝ። አላመመኝም። ያን ጊዜ ሰናይት ለሥዕሏ ያገኘችው የፋብሪካ ቀለም ይኸው ብቻ ነበር፤ ከቢሮ በር ተርፎ በጣሳ ግርጌ የቀረ አረንጓዴ። ልጄን አስቀምጬ ነገሩን ብነግራት፣ ጻፊው አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ሥዕል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከእኔ አሳምሮ ይጽፈዋል። ግን ያቺን ሥዕል ያየ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው የቀረው። ደግሞም እኛ ያን ዕለት ስለ ሥዕል የተሰበሰብን መስሎን ነበር እንጂ፣ የተፈረደው ሌላ ነገር ነው፤ ትርፌ በጦይባ ጀርባ ላይ ትቅር ወይስ ወደ ደሴ ትወሰድ የሚለው።

ዘመኑ ንጉሡ የወረዱበት፣ ረሃቡ ግን ከሰው ፊት ገና ያልወረደበት ነው። መካነ ሰላም ያን ጊዜ ከአንዱ ጫፍ ቢጣሩ በሌላው ጫፍ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። ወደ ከላላ የሚሄድ ሰው ሌሊት በቅሎውን ጭኖ ይነሳል፤ የወግዲ ሰው ለገበያ ሲመጣ ዋዜማውን ዘመድ ቤት ያድራል። አሰፋ የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው ገበያው መግቢያ ላይ፣ ጨው ነጋዴዎቹ በሚቀመጡበት በረንዳ ላይ ነበር። የኮንጎ ጫማ ብር ከሃምሳ ነበር፣ ሻማ አስር ሳንቲም፤ ለበዓል ቴትሮን ቀሚስ ያሰፋች ሴት መንደሩን ሁለቴ ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው። በረሃቡ ዓመት ግን በረንዳው ጭር አለ። ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ጠፋ፤ የለበሰውን ሊሸጥ የሚመጣ በዛ። አሰፋ ከሰው ገላ ላይ የወለቀ ልብስ አልገዛም ብሎ፣ የተቀደደውን በነፃ እየጠቀመ ይመልስ ነበር፤ እኔ ለልጆቼ የማበላውን እያሰብኩ በልቤ እቆጣለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም። ከዚያ በኋላ ነው የዘመቻ ተማሪዎቹ የመጡት፤ ጸጉራቸው እንደ ቁጥቋጦ፣ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ። አሰፋ የአንዱን ሱሪ ጫፍ ይዞ፣ “ይህ ትርፍ ጨርቅ ለአንድ ሕፃን ቀሚስ ይወጣዋል” ብሎት፣ ልጁ የምር ቆርጦ ሰጠው። ሐሙስ ማታ ከሼህ ሁሴን ቤት መንዙማ ይሰማል፤ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ደግሞ አዲሶቹ የሰልፍ ዘፈኖች፤ ልጆቻችን ሁለቱንም ቀላቅለው ገመድ ይዘሉበት ነበር።

ጦይባ ወደ እኛ የመጣችው ተማሪዎቹ ሳይመጡ፣ በክፉው ቀን ነው። ከአባይ በኩል ከቆላው ሽቅብ ከሚወጣው ሰው ጋር ወጥታ ደጃችን ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋ ላይ ድምፅ የሌለው ሕፃን ነበር። እኔ ተፈጥሮዬ ፈሪ ነው። በሽታ ታስገባብኛለች ብዬ ልጆቼን ወደ ጓዳ ከተትኩ፤ በር ላይ ሆኜ አጥሚት ሰጠኋት። እሷ ግን አጥሚቱን ተቀብላ፣ “አላህ ልጆችሽን አይንሳሽ” ብላ፣ ሳትቀምስ መጀመሪያ በጣቷ ለሕፃኗ አላሰች። በማግስቱ ከብት ቤታችንን ጠርገን ሰጠናት፤ ከብቱ ያን ዓመት አልቆ ባዶውን ነበር። ሕፃኗን ሳጥብላት ነው አንገቷ ላይ ሰማያዊ ማተብ ያየሁት። ጦይባ እስላም ናት። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ። የራሷ ልጅ መንገድ ላይ ሞቶባታል። በማግስቱ ከአንድ ግራር ሥር የሞተች ሴት አገኘች፤ ሕፃኗ ከሬሳው ላይ ጡት ትፈልጋለች። “ጡቴ ውስጥ ጠብታ ነበረ” አለችኝ፣ “ለማን ልተወው?” የሕፃኗን ስም የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ትርፌ አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ መፍራት ሆነ። ማተቡን በሻሽ ሸፍኚው አልኳት፤ ሸፈነችው። ለምን አትፈቺውም ስላት ግን፣ “እናቷ ያሰረችውን እኔ አልፈታም” አለች። ዓመት አለፈ፣ ትርፌ ድክ ድክ አለች፣ ሰው ሁሉ የጦይባ ልጅ ብሎ ለመዳት። በኋላ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ በክፉው ቀን ወላጅና ዘመድ ያጡ ልጆች ተለቅመው ደሴ ወደሚገኝ ማሳደጊያ ይሄዳሉ ተባለ። አያ አበጋዝ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ እኔ ጦይባን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

አዳራሹ የአንድ ባለመሬት የእህል ጎተራ ነበር። ሰው በረሃብ ሲረግፍ እዚያ ውስጥ እህል እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለመሬቱ ከሸሸ በኋላ አጸዱትና መሰብሰቢያ ሆነ። አያ አበጋዝ ለአብዮቱ በዓል እንግዳ ስለሚመጣ ግድግዳው ላይ የእናት ሥዕል ይሣል አሉ፤ ዶማ የያዘች፣ ክንዷን ያነሳች፣ ቀይ የለበሰች። ሰናይት ከተማሪዎቹ መሃል ሥዕል የምትችለው እሷ ናት። አዲስ አበባ ያደገች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ እኛ ቤት እየመጣች ቆሎ ትቆረጥማለች። ቀለም ስለሌላት ቀለም ፍለጋ አብረን ዞርን። ነጩ ኖራ ሆነ፣ ጥቁሩ ከሰል፣ ቀዩ ከወንዝ ዳር የወጣ አፈር። ሰማያዊ ስትለኝ፣ ነጭ ልብስ ለማንጣት ከውኃ ጋር የምንበጠብጠውን ዱቄት በወረቀት ቋጥሬ ሰጠኋት። ለሥዕሉ የምትቆም ሴት ስትፈልግ ጦይባን መረጠች። እኔ ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም፤ ሰው የሚያያት ነገር ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። ጦይባ ግን፣ “አብሽሪ እታለም፣ ግድግዳ ምን ያመጣል?” ብላ ቆመችላት። ሰናይት በወረቀት ላይ እየነደፈች ወስዳ፣ ግድግዳውን በአቡጀዲ ጋርዳ ሠራችው፤ እስከዚያች ቀን ማናችንም አላየነውም።

አቡጀዲው ወረደ። ትልቅ ነበረች፤ ከወለል እስከ ጣሪያ። የቆመችበት መሬት የጭድ ቀለም ነው፤ ሰማይ የለም። ቀሚሷ ያ የወንዝ አፈር ነው፤ ዶማ አልያዘችም፣ ክንዷንም አላነሳችም። እጆቿ ወደ ኋላ ዞረው ያዘለችውን ሕፃን ይዘዋል። ፊቷም ወደ ኋላ ዞሯል፤ ወደ ልጅቱ። የልጅቱ አረንጓዴ ሻሽ ወደ ጎን ሸርተት ብሏል፤ ከሥሩ አንገቷ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለ። ሰናይት አንድ ቀን ልጅቱ ስትታጠብ አይታለች፤ ከተሜ ናት፣ ያየችውን ሣለች። ሰው አላየውም ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

መጀመሪያ የተናገሩት እማሆይ ናቸው። “ይቺ ሴት ምን አድርጋችሁ ነው በአንድ ዓይን የሣላችኋት?” አሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው የሚሣለው፤ በጎን ፊቱ፣ በአንድ ዓይኑ የሚሣለው ከሃዲና ርኩስ መንፈስ ነው። ይህን ከልጅነታችን ስናየው ያደግነው ሁሉ አጉረመረምን። እስላሞቹ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሰናይት ፊቷ ቀላ።

“እማሆይ፣ ዞራ እኮ ነው። ሌላው ዓይኗ በዚያ በኩል አለ።”

“በዚያ በኩል ያለውን ማን አየው? ይሁዳም እንዲሁ ይላል።”

ዘምዘም አላስቻላትም። “የእኔም ፍየል ከጎን ሳያት ባለ አንድ ዓይን ናት፤ እሷም ከሃዲ ልትሆን ነው?” አለች።

“ፍየልማ በግራ በኩል እንደምትቆም ተጽፏል፤ ካላመንሽ መሪጌታን ጠይቂ።”

ሰው ሳቀ፤ መሪጌታ ፈንታም ሳቁ፤ እኔም በዚሁ ያልፋል ብዬ ተነፈስኩ። አያ አበጋዝ ቀዩ የት አለ ብለው ሰናይትን ይጠይቃሉ፤ እሷ ቀሚሱን እያሳየች አፈሩ ነው ትላለች፤ እሳቸው አፈር አፈር ነው፣ ቀይ ቀይ ነው ይላሉ። እማሆይ ግን ሰማይ የሌለበት ምን ዓይነት አገር ነው እያሉ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር አፍንጫቸው ሊነካ ደረሰ። እዚያው ቆመው ቀሩ።

“ልጅቱ ማተብ አላት” አሉ።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ከሥዕሉ ወደ ጦይባ ዞረ። እሷ ሻሹን ለመሳብ እጇን ወደ ኋላ ላከች፤ የግድግዳዋ ሴት እንደ ያዘችው አድርጋ ያዘቻት። አያ አበጋዝ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሊቀመንበርነት በፊት ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ የአራት ሴት ልጆች አባት። ግን የበላይን ይፈሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ?

“ጦይባ፣ ልጅቱ ያንቺ ናት?”

“የእኔ ናት።”

“የወለድሻት ናት ወይ?”

“አልወለድኳትም። የእኔ ናት።”

ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ለሕዝቡ ነገረች፤ ግራሩን፣ ሬሳውን፣ የራሷን ሟች ልጅ። ሳታለቅስ ነው የነገረችው። አያ አበጋዝ ኮፍያቸውን አውልቀው አጣመሙት። ትእዛዝ መሆኑን፣ መኪናው በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚመጣ፣ ደሴ ወተት፣ ሐኪምና ትምህርት ቤት እንዳለ ተናገሩ፤ “ከብት ቤት ከምታድግ እዚያ አይሻላትም?” አሉ። የሚያቃጥለው ነገር እውነታቸውን መሆኑ ነበር። ጦይባ ያላት ሁለት እጇና የእኛ ከብት ቤት ነው። እማሆይም በዚያ ላይ ጨመሩበት፤ ሠዓሊዋ አውቃ ኖሯል፣ የሰው ልጅ የያዘች ናት ብላ ነው በአንድ ዓይን የሣለቻት አሉ። ሰናይት ይህን ስትሰማ እያለቀሰች የኖራውን ባልዲ አነሳች፤ ፊቱንም ክሩንም ልታጠፋው። ጦይባ፣ “ተይው፣ ልክ ነሽ፣ እንደዚያው ነኝ” አለቻት።

አያ አበጋዝ ነገሩን ለመቁረጥ ቸኮሉ መሰለኝ፤ ወደ ግድግዳው ዞረው በሥዕሏ ቀሚስ ላይ፣ ከደረቷ አጠገብ ያለ ነጣ ያለ ነገር በጣታቸው ፈቀፈቁ። “ደግሞ ኖራው ተንጠባጥቦባታል። ይህን እንኳ አልጠረግሽም” አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ያን ጊዜ ነው እዚያ ቦታ ላይ ያየነው። ዘምዘም ሳቀች፣ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ወንዶቹ ምን እንደሚያስቅ አላወቁም። እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ አሰፋ እንኳ አትናገርም ብሎ ያውቀኛል። አንደበቴ እንዴት እንደ ተፈታ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

“አያ አበጋዝ፣ እሱ ኖራ አይደለም። ወተት ነው።”

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ጦይባ ለሰናይት በግቢዬ ውስጥ ቆማ ሳለ ትርፌ ከቤት ውስጥ ነቅታ ስታለቅስ፣ የጦይባ ቀሚስ በደረቷ ላይ ሲረጥብ በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኳቸው። ሰናይት ደንግጣ ምን ሆነች ብላ የጠየቀችው እኔን ነው፤ ልጅ ወልዳ አታውቅምና ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞርኩ። ከመመንኮሳቸው በፊት የአምስት ልጆች እናት እንደ ነበሩ አውቃለሁ። “እማሆይ፣ እርስዎም አዝለዋል” አልኳቸው። “ልጅ ያዘለች ሴት ወደ ፊት ብቻ እያየች ትሄዳለች ወይ? እንቅልፍ ወሰደው፣ ፀሐይ መታው፣ እግሩ በረደው እያለች አንገቷ እስኪጣመም ስትዞር ነው የምትውለው። ይቺም ሌላው ዓይኗ ያልታየን ልጇን እያየችበት ነው።”

እማሆይ ግድግዳውን እንደ ገና ከላይ እስከ ታች አዩት። “እውነት ነው፣ እኛም ስንዞር ነው ያረጀነው” አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በዚያ ሁሉ የጭድና የአፈር ቀለም መሃል ሰማያዊ ያለው ልጅቱ አንገት ላይ ብቻ መሆኑን በመቋሚያቸው ጫፍ አሳዩ። “ሰማዩን እኮ እዚህ አስራዋለች” አሉ። ሰናይት ያን አስባ ታድርገው፣ ዱቄቱ አንሷት ይሁን፣ ጠይቄያት አላውቅም። የሥዕል ነገር እንደዚያ ይመስለኛል፤ ሠዓሊው የተወውን ቦታ የሚሞላው የሚያየው ሰው ነው።

ሼህ ሁሴን ከበሩ አጠገብ ተናገሩ። በእነሱ ዘንድ ያጠባች ሴት እናት ናት፣ ይህ የታወቀ ነው አሉ። መሪጌታ ፈንታ በእኛም የጡት ልጅ ልጅ ነው፣ ግን በአደባባይ፣ ምስክር ባለበት ነው የሚባለው አሉ። “ማተቡስ?” ብለው ሼህ ሁሴንን አዩአቸው። “ማተቡን ማን ይበጥስ አለ?” አሉ ሼህ ሁሴን። “እናቷ ያሰረችላት አደራ ነው። አድጋ ራሷ ትወቅበት።”

አያ አበጋዝ ያጣመሙትን ኮፍያ አቃንተው አደረጉ። “ትእዛዙ ዘመድ የሌላቸው ነው የሚለው” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። “ማር ያለው ሰው አለ?”

ዘምዘም ቤቷ ሮጣ በሲኒ አመጣች። በአገራችን ደንብ የማር ልጅ የሚባል አለ፤ የሰው ልጅ የሚወስድ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት ያጠባል፤ ከዚያ ወዲያ የወለደ ነው። ጦይባ ትርፌን ከጀርባዋ አውርዳ፣ መሬት ተቀምጣ፣ በሥዕሉ ሥር ጣቷን ሰጠቻት። ትርፌ ማሩን ላሰች፣ ደገመች፣ ሲያልቅባት ጣቷን ነከሰቻት። “አይ፣ ይቺስ የራሷ ናት፣ ተናካሽነቷ” አለች ዘምዘም። ጦይባ ያን ዕለት ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ እየሳቀች። መኪናው በሳምንቱ መጨረሻ መጥቶ ያለ ትርፌ ሄደ።

ሥዕሏ እንደ ተሣለች ቆየች። አያ አበጋዝ ለእንግዶቹ ቀዩ አፈሩ ነው እያሉ ራሳቸው ሲያስረዱ ሰማሁ። ሰናይት ዘመቻው ሲያበቃ ሄደች። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሊቀመንበር መጣ፤ ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ትልልቅ ፊደል ተጻፈበት፤ በኋላም ጎተራው ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የሞባይል ካርድና የልጆች ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። እዚያ በር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ወጣት ሽንኩርት ሻጭ አለች፤ ሚዛኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ደንበኛው ዋጋ እየተከራከራት፣ ፊቷን ወደ ጀርባዋ አዙራ ልጇን እሽሩሩ ትላለች። ሳያት እቆማለሁ፤ ሽንኩርት ባያስፈልገኝም እገዛለሁ።

ትርፌ ከልጆቼ ጋር አደገች። አሰፋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቀረ ጨርቅ ሁሉ ለእሷ ቀሚስ ያወጣ ነበር። አንደኛ ክፍል ስትገባ ያስመዘገብናት በጦይባ ስም ነው፤ ለፋሲካም ለኢድም የምትለብስ እሷ ብቻ ስለነበረች ልጆቼ ይቀኑባት ነበር። ሁለተኛው ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ጦይባ እንደ ገና ደጅ ላይ መቀመጥን ፈራች፤ ልጅቱን ይዛ ከሰፋሪዎቹ ጋር ወደ ምዕራብ ሄደች። መኪናው ላይ ሆና፣ “እታለም፣ አትፍሪ፣ ደርሼ ወሬ እልክልሻለሁ” አለችኝ። ትርፌ ያኔ ከእናቷ በቁመት በልጣ ነበር፤ የጦይባን ጓዝ የተሸከመችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራ የተመለሰ አንድ የወግዲ ሰው፣ ጦይባ በደህና አርጅታ በልጇ ቤት አረፈች ብሎ ነገረኝ፤ ትርፌ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደምትሠራም ሰምቻለሁ አለ፤ የት እንደሆነ ግን አላወቀም።

ከመካነ ሰላም በሰፈራ የሄደች፣ ትርፌ የምትባል የጦይባ ልጅ የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ወሬዋን አድርሱኝ። ወልዳም ከሆነ የልጆቿን ስም ጨምራችሁ ንገሩኝ።